የከባድ መኪና ጥገና፦ መቼ በራስ እጅ፣ መቼ በጋራዥ?

ጥያቄ፦ ባለ ሲኖው፣ ከሞጆ

ጤና ይስጥልኝ። ከሦስት ዓመት በፊት ያገለገለ ባለ 371 የፈረስ ጉልበት ሲኖትራክ ከነተሳቢው ገዝቼ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከጅቡቲ ወደ ሞጆ ደረቅ ወደብ፣ አልፎ አልፎ ደግሞ በዓባይ በረሃ በኩል ወደ ባሕር ዳር ጭነት አመላልሳለሁ። መኪናውን የምነዳው ራሴ ስሆን ከአንድ ረዳት በቀር ሠራተኛ የለኝም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የመለዋወጫ ዋጋ አቅሜን ስለተፈታተነው፣ ቢያንስ ለጋራዥ የምከፍለውን የእጅ ዋጋ ላትርፍ ብዬ፣ ቀድሞ ለመካኒክ እተወው የነበረውን ሥራ አንድ በአንድ ወደ ራሴ ማምጣት ጀምሬአለሁ። በዚህ መካከል የገጠሙኝን ሁለት ነገሮች ልንገራችሁና ምክራችሁን ልጠይቅ።

የመጀመሪያው ልቤን የሞላው ነው። አዋሽን አልፌ ወደ ሚሌ ስጓዝ ሞተሩ ጉልበት እያነሰው ሄዶ በመጨረሻ ጠፋ። የናፍታው ፊልትሮ በቆሻሻና በውኃ ተሞልቶ ስለነበር ይዤው በነበረው አዲስ ቀየርኩት፤ የማስተንፈሻውን ብሎን አላልቼ፣ አረፋ የሌለበት ንጹሕ ናፍታ እስኪወጣ ድረስ በእጅ ፓምፑ እየገፋሁ አየሩን አስወጣሁ፤ ሞተሩም በሁለተኛው ሙከራ ተነሣ። ሁሉም ነገር አንድ ሰዓት አልፈጀም።

ሁለተኛው ግን እስከ ዛሬ እንቅልፍ ይነሳኛል። ሞጆ ላይ የተሳቢውን የኋላ ጎማ ኩሽኔታ (ጎማው የሚሽከረከርበትን ተሸካሚ) አውርጄ በናፍታ አጠብኩት፤ አዲስ ግሪስም ሞላሁት። መልሼ ስገጥም ኩሽኔታውን የሚያስረውን ዳዶ «መንገድ ላይ እንዳይላላ» በሚል ጠበቅ አድርጌ አሰርኩት። ጎማውን በእጄ ሳሽከረክረው ትንሽ ከበድ ቢለኝም፣ ግሪሱ አዲስ ስለሆነ ነው ብዬ አለፍኩት። ገዋኔን ካለፍኩ በኋላ ረዳቴ በመስታወት ጭስ አየ። ስንወርድ ኩሽኔታው ተቃጥሎ ከአክስሉ ጫፍ ጋር ተጣብቆ ነበር። አክስሉን ፈትቶ ቶርኖ ቤት አድርሶ እስኪመለስ ዘጠኝ ቀን ቆምኩ። ላተርፍ ያሰብኩት የእጅ ዋጋ ከጠፋው ገንዘብ ጋር ሲተያይ ከቁጥር የሚገባ አይደለም።

ልዩነቱ የዕውቀት ነው እንዳልል፣ ሁለቱንም ሥራ መካኒክ ሲሠራ ደጋግሜ ቆሜ አይቻለሁ። አሁን ደግሞ ሁለት ሥራዎች ከፊቴ ተደቅነዋል። አንደኛው፣ የመኪናውም የተሳቢውም የፍሬን ሸራ (እየተፋተገ ጎማውን የሚያቆመው ንጣፍ) እያለቀ ነው። ሁለተኛው፣ ራዲያተሩ በየምልልሱ ውኃ ይጎድለዋል፤ በውጭ የሚፈስ ነገር ግን አይታይም። ሞተሩ ሲሠራ ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ አይቻለሁና የአንዱ ሲሊንደር ቴስታታ (የሲሊንደሩ ክዳን) ጓርኒሲዮን (ከክዳኑ ሥር ያለው ማሸጊያ) ሳይሄድ አልቀረም። ሁለቱንም በራሴ እጅ ብሠራ ትልቅ ገንዘብ ይተርፈኛል። ይህን ልሥራ፣ ያንን ልተው የምትሉት በምን መለኪያ ነው?


መልስ፦ የበረሃው ሾፌር

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ በጅቡቲ መስመር ከሠላሳ ዓመት በላይ ነድቻለሁና የጻፍከውን ሁሉ አውቀዋለሁ። ኩሽኔታ እኔም አቃጥያለሁ።

ፊልትሮውና ኩሽኔታው የሚለያዩት በክብደታቸው ወይም በሚጠይቁት ዕውቀት አይመስለኝም። ፊልትሮውን ስትቀይር ሥራህ ትክክል መሆኑን ሞተሩ እዚያው ቆመህ ሳለህ ነግሮሃል፤ ተሳስተህ ቢሆን ኖሮ አይነሣም ነበር፣ አንተም ጎማህ ሳይንቀሳቀስ መልሰህ ታየው ነበር። ኩሽኔታው ግን ሞጆ ላይ ዝም ብሎ፣ ጭነት ተጭኖበት ከ40 ዲግሪ በላይ በሆነው የአፋር ሙቀት መቶ ኪሎ ሜትሮችን ከሄደ በኋላ ነው የተናገረው። እኔ የምጠቀምበት መለኪያ ይኸው ነው፦ ስሕተቴ ከመነሣቴ በፊት የሚታይበትን ሥራ ራሴ እሠራዋለሁ፤ ስሕተቴ ጭነት ተጭኖ፣ ቁልቁለት ላይ ወይም በረሃ ውስጥ ብቻ የሚገለጥበትን ሥራ ግን፣ በየዕለቱ ያንኑ ለሚሠራ ሰው እተወዋለሁ፤ ወይም ደግሞ ስሕተቱን አስቀድሞ የማወቂያ ዘዴ እፈልግለታለሁ።

ለኩሽኔታው ለምሳሌ ዘዴ አለው። ዳዶው ሲታሰር ጎማው እየተሽከረከረ መታሰር አለበት፤ ኩሽኔታው በቦታው እስኪደላደል ጠበቅ ከተደረገ በኋላ ተመልሶ ይላላል፤ ከዚያ በኋላ ነው በመመሪያው ልክ የሚታሰረውና የሚቆለፈው። አንተ የመጀመሪያውን ደረጃ ሠርተህ ሁለተኛውን ዘለልከው። ከዚህም ሌላ፣ ኩሽኔታ የተነካበት መኪና በቀጥታ ወደ በረሃ አይገባም። ከሞጆ ተነሥተህ አዳማ እስክትደርስ ያለው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ለዚህ ፈተና የተመቸ ነው፤ አዳማ ላይ ቆመህ የየጎማውን መሐል በእጅህ ጀርባ እየነካህ አነጻጽር። ሁሉም ሞቅ ካሉ ደኅና ነው፤ አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ እጅህን ካስነሣህ ግን ያን ጊዜውኑ ተመለስ። ይህን አድርገህ ቢሆን ኖሮ ዘጠኙ ቀን ግማሽ ቀን ይሆን ነበር።

መንገዱ ራሱ ግድ የሚልህ ሥራዎች ደግሞ አሉ። ከአዋሽ እስከ ሚሌ ባለው ምድረ በዳ ቺንጊያ ቢበጠስ፣ የራዲያተር ጎማ ቢፈነዳ፣ ፊልትሮ ቢዘጋ፣ መብራት ቢጠፋ መካኒክ አትጠራም። እነዚህን ማወቅ ያለብህ ገንዘብ ለማትረፍ ብለህ አይደለም፤ በሌሊት መንገድ ዳር ተሳቢ ይዘህ እንዳትቆም ነው። ስለዚህ ልምምዱን ጭንቀት በሌለበት ቀን፣ ሞጆ ላይ፣ በፀሐይ ብርሃን አድርገው። ረዳትህም አብሮ ይልመድ፤ ነገ ሾፌር የሚሆነው እርሱ ነውና።


መልስ፦ መካኒክ፣ ከቃሊቲ

ጋሼ የሰጡት መለኪያ ትክክል ነው፤ እኔ በጋራዡ በኩል ያለውን ልጨምርበት። ወንድሜ፣ ቴስታታውን በተመለከተ ለምን እንደሚፈተኑ ይገባኛል። የእርስዎ መኪና የተገጠመለት ደብልዩ ዲ 615 ሞተር ስድስቱም ሲሊንደሮች የየራሳቸው ቴስታታ አላቸው። እንደ ብዙዎቹ ሞተሮች አንድ ረጅምና ከባድ ቴስታታ በክሬን ማንሣት ሳያስፈልግ አንዱን ብቻ ነጥሎ ማውረድ ስለሚቻል፣ መንገድ ዳር ሲፈታ ያየ ሰው ሥራው ቀላል ይመስለዋል። መፍታቱ በእርግጥ ቀላል ነው። ችግሩ ያለው ከመፍታቱ በፊትና ከመፍታቱ በኋላ ነው።

ከመፍታቱ በፊት ሊመለስ የሚገባው ጥያቄ፣ «እውነት ጓርኒሲዮኑ ነው ወይ? ከሆነስ የስንተኛው ሲሊንደር ነው?» የሚል ነው። ራዲያተር ውስጥ አረፋ መታየቱ ብቻውን በቂ ማስረጃ አይደለም። ለፍሬን አየር የሚያመነጨው ኮምፕሬሰር በውኃ የሚቀዘቅዝ ዓይነት ከሆነ፣ የእርሱ ክዳን ሲሰነጠቅ ወይም ጓርኒሲዮኑ ሲበላሽ የሚያመነጨውን አየር ወደ ራዲያተሩ መስመር ይገፋል፤ አረፋውም ከሞተሩ ቴስታታ እንደመጣ አረፋ ይመስላል። ሁለትና ሦስት ቴስታታ በከንቱ ካወረዱ በኋላ ጥፋቱ ኮምፕሬሰሩ ላይ የተገኘባቸው መኪኖች ወደ እኛ መጥተዋል። ስለዚህ መጀመሪያ የኮምፕሬሰሩን የውኃ መስመር ለጊዜው አግልሎ አረፋው መቅረት አለመቅረቱን ማየት ይገባል። ቀጥሎ፣ ሞተሩ በርዶ ሳለ ራዲያተሩን በእጅ ፓምፕ ግፊት ሰጥቶ ግፊቱ ይወርድ እንደሆነ መከታተል፣ የሞተር ዘይቱ ወተት መስሎ እንደሆነ ማየት፣ ጠዋት ሲነሣ ነጭ ጭስ ያወጣ እንደሆነ መመልከት ነው። ከእነዚህ አብዛኛውን እርስዎ ራስዎ ሊያደርጉት ይችላሉ፤ እንዲያውም መኪናው ሌሊቱን ሙሉ አብሮዎት የሚያድር ስለሆነ ከእኛ የተሻለ ያዩታል። ዘይቱ ወተት መስሎ ካገኙት ግን ሞተሩን ከዚያ በኋላ አያስነሡት።

ከመፍታቱ በኋላ የሚመጣው ደግሞ ልኬት ነው። የቴስታታው ፊት ሙቀት አጣሞት እንደሆነ በቀጥ ብረትና በስስ መለኪያ ካልታየ፣ አዲሱ ጓርኒሲዮን በጥቂት ሳምንት ውስጥ ያንኑ ያደርጋል። ብሎኖቹ በጉልበት ግምት የሚታሰሩ አይደሉም፤ በቅደም ተከተል፣ መጀመሪያ በቶርክ ሬንች፣ ከዚያም በዲግሪ እየተለካ ይታሰራሉ። ቴስታታ ከወረደ በኋላ የቫልቮቹ ክፍተት እንደገና መስተካከል አለበት፤ በዚህ ሞተር ላይ ሲበርድ የማስገቢያው 0.30፣ የማስወጫው 0.40 ሚሊ ሜትር ነው። ይህን ሁሉ በትክክል ላለማድረግ ሰው ሰነፍ መሆን አያስፈልገውም፤ መሣሪያው አለመኖሩ ብቻ ይበቃል። መሣሪያውን ለአንድ ጊዜ ሥራ መግዛት ደግሞ ከእኛ የእጅ ዋጋ ይበልጥብዎታል።

በዚሁ አጋጣሚ ስለ ራዲያተር ክዳን አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ ሾፌር ይንቀዋል። በአዲስ አበባ ከፍታ ላይ ክፍት ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ጅቡቲ በባሕሩ ጠረፍ ላይ ግን በ100 ነው። ደጋ ላይ ሞተሩ ሳይፈላ የሚሠራው ክዳኑ ግፊት ስለሚይዝ ነው። ጎማው የደረቀ ወይም ሞላው የደከመ ክዳን ውኃ ያስጎድላል፤ ሾፌሩም «ቴስታታ ሄደ» ይላል። ቴስታታ ከማውረድዎ በፊት የክዳኑን ሁኔታ ያሳዩ። እርሱን መቀየር የማንም እጅ አይጠይቅም።

አሁን ወደ ፍሬኑ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ሳላለዝብ እናገራለሁ። የእጅ ፍሬኑ የሚይዘው አየር ሲለቀቅ በሚዘረጋ ብርቱ ሞላ ነው። ይህ ሞላ ተጨምቆ የሚቀመጠው ከኋላ ጎማዎች አጠገብ ባሉት የአየር ጣሳዎች ውስጥ ሲሆን፣ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ኃይል ይዟል። ሞላው በማሰሪያው ረጅም ብሎን ሳይታሰር የጣሳው መጋጠሚያ ቀበቶ ከተፈታ ክዳኑ እንደ ጥይት ይወረወራል። መኪናው ስለቆመና አየሩ ስለወጣ አደጋ የለውም ብሎ ማሰብ ፍጹም ስሕተት ነው፤ አየር መኖር አለመኖሩ ይህን አደጋ አይለውጠውም። በሥራ ዘመኔ በዚህ ምክንያት የእጁን ጣቶች ያጣ ወጣት ረዳት አውቃለሁ፤ ጌታው «ፍታው» ብሎት ነበር የፈታው። እባካችሁ፣ ይህን የምታነቡ ባለንብረቶች ሁሉ፣ ያንን ጣሳ ረዳታችሁ እንዲነካው አትዘዙት።


መልስ፦ ባለንብረቷ

እኔ መኪና አልነዳም፣ ብሎንም አልፈታም፤ ከባለቤቴ ጋር ያፈራናቸውን ሁለት መኪኖች ሒሳብ የምይዘው ግን እኔ ነኝ። ወንድሜ ላትርፍ ያሉትን ነገር ከሒሳብ አንጻር ብናየው መልሱ በከፊል ከዚያ ይገኛል ብዬ አስባለሁ።

ብዙ ሰው የሚያወዳድረው የጋራዡን የእጅ ዋጋ ከዜሮ ጋር ነው፤ «ራሴ ከሠራሁት በነፃ ነው» ይላል። ነገር ግን መኪና በቆመበት ቀን ሁሉ ዋጋ አለው። ለምሳሌ አንድ የጅቡቲ ምልልስ ስምንት ቀን ፈጅቶ ከወጪ ቀሪ 48,000 ብር ቢተርፍ፣ መኪናው በከንቱ የቆመበት እያንዳንዱ ቀን 6,000 ብር ነው። መካኒክ በአንድ ቀን የሚጨርሰውን ሥራ እርስዎ በሦስት ቀን ከጨረሱት 12,000 ብር ከፍለዋል ማለት ነው። የጋራዡ የእጅ ዋጋ ከዚህ ካነሰ ትርፍ የለውም። ቁጥሮቹን በራስዎ ደብተር ባሉት ይተኳቸው፤ ስሌቱ ግን ይኸው ነው።

ከዚሁ ስሌት የሚወጣ ሌላ ነገር ደግሞ አለ፣ እኔን ከሁሉ ይበልጥ የጠቀመኝም እርሱ ነው። መኪናው ተራ እየጠበቀ ወይም ጭነት ጠፍቶ የሚቆምባቸው ቀኖች አሉ። በእነዚያ ቀኖች የእርስዎ እጅ በእርግጥ ነፃ ነው። ስለዚህ እኛ ቤት ሥራው የሚከፋፈለው በክብደት ብቻ አይደለም። ግሪስ ማስገባት፣ ዘይትና ፊልትሮ መቀየር፣ የባሌስትራ ብሎኖችን ማጥበቅ፣ መብራትና ፍሬቻ ማየት፣ የቦሎ ምርመራ ከመድረሱ በፊት የሚጎድለውን ማሟላት ሁሉ ተራ በሚጠበቅበት ቀን በሾፌሩና በረዳቱ ይሠራል። ጭነት ተገኝቶ ሳለ የተበላሸ ነገር ግን፣ ቀላልም ቢሆን፣ በፍጥነት ለሚጨርስ ሰው ይሰጣል።

ስለ መለዋወጫም አንድ ቃል ልጨምር። ዕቃውን ራሴ ገዝቼ ላምጣ የሚለው ሐሳብ በሁሉም ሥራ ላይ ይጠቅማል፣ ጋራዥ በሚሠራውም ላይ ቢሆን። አሮጌውን ዕቃ ይዤ አዲስ አበባ ወዳለው የመለዋወጫ ገበያ፣ ሶማሌ ተራ፣ እሄዳለሁ፤ ቢያንስ ሦስት ሱቅ እጠይቃለሁ። ዋጋው ከሌሎቹ በጣም ካነሰ ፎርጂድ ነው ብዬ እነሣለሁ። በተለይ ኩሽኔታና የፍሬን ሸራ ላይ በርካሽ ተታልዬ ሁለት ጊዜ ከስሬአለሁና፣ ከዚያ ወዲህ በእነዚህ ሁለቱ ላይ አልከራከርም።


ባለ ሲኖው

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። እህቴ፣ ሒሳቡን በራሴ ቁጥር ሠራሁት፤ የኩሽኔታው ዘጠኝ ቀን ምን ያህል እንደሆነ ከዛሬ በፊት ጽፌው አላውቅም ነበር። መካኒኩ ወንድሜ፣ ስለ ኮምፕሬሰሩ የጻፉት ፈጽሞ ያላሰብኩት ነው። ስለ አየር ጣሳውም ያሉትን ለረዳቴ አነበብኩለት።

ፍሬኑ ላይ ግን አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ሸራ መቀየሩን ለጋራዥ ልተወው ብል እንኳ፣ ሸራው ተበልቶ ከታምቡሩ (ከጎማው ጋር ከሚዞረው ክብ ብረት) በራቀ ቁጥር ማስጠጋት አለብኝ፤ በየምልልሱ ጋራዥ መግባት አልችልም። ማስጠጋትስ ከየትኛው ወገን ነው? በሚቀጥለው ሳምንት በዓባይ በረሃ እወርዳለሁ።


መልስ፦ የበረሃው ሾፌር

ፍሬን ማስጠጋት የሾፌር ሥራ ነው፤ የማያውቀው ሾፌር ተሳቢ ይዞ ዓባይ ባይወርድ ይሻለዋል። ከጎሐ ጽዮን አፋፍ እስከ ድልድዩ ከ1,300 ሜትር በላይ ነው የምትወርደው፤ ደጀን ለመድረስ ደግሞ ያንኑ ያህል መልሰህ ትወጣለህ፣ ጠቅላላው 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በእንዲህ ያለ ቁልቁለት ላይ አደጋ የሚያመጣው የፍሬኑ መራቅ ብቻ አይደለም፤ እኩል አለመሆኑ ጭምር ነው። አንዱ ጎማ ቀርቦ ሌሎቹ ርቀው ከሆነ የመኪናው ሁሉ ክብደት በዚያ በአንዱ ታምቡር ላይ ያርፋል። እርሱ ይግልና መያዙን ይተዋል፤ የቀሩት ደግሞ በቂ ስላልቀረቡ አይደርሱለትም። እግርህ ፔዳሉ ላይ እያለ መኪናው ሲፈጥን የሚሰማህ ያን ጊዜ ነው።

አሠራሩን አንተም ሳታየው አልቀረህም፤ ቢሆንም በቅደም ተከተል ልጻፈው። ሜዳ ቦታ ቁም፤ ጎማዎቹን ከፊትና ከኋላ በታኮ አስደግፍ። የአየሩ ግፊት እስኪሞላ ሞተሩን አሠራ፤ ከዚያ አጥፋውና የእጅ ፍሬኑን ልቀቀው፤ የእጅ ፍሬን ተይዞ የሚደረግ ማስጠጋት ውሸት ነው። በየጎማው የማስተካከያውን ብሎን ሸራው ታምቡሩን እስኪነካ ድረስ አዙር፤ ሲነካ ቁልፉ ይከብድሃል። ከዚያ ጥቂት መልሰው፤ ምን ያህል እንደሚመለስ መመሪያው ይነግርሃል፣ ያም ካልሆነ ያንን መኪና የሚያውቅ መካኒክ አንድ ጊዜ አጠገብህ ቆሞ ያሳይህ። ዋናው ነገር ሁሉንም ጎማ በአንድ ልክ መመለስ ነው። ስትጨርስ ረዳትህ ፔዳሉን ይርገጥ፤ አንተ ከታች ሆነህ በየጎማው ከአየር ጣሳው የሚወጣው ዘንግ ምን ያህል እንደሚወጣ ተመልከት። ከሌሎቹ ርቆ የሚወጣ ካለ እንደገና ጀምር። አየህ፣ ይህ ሥራ ከመነሣትህ በፊት ሊመረመር ይችላል፤ ለዚህ ነው የአንተ የሆነው።

ሸራ መቀየር ግን እንዲህ አይመረመርም። የታምቡሩ ፊት ተበልቶ ቶርኖ ይፈልግ እንደሆነ፣ የሸራው ሪቬት በደንብ ተመትቶ እንደሆነ፣ የኩሽኔታው ዘይት መከላከያ ጎማ አፍስሶ ግሪስ ሸራውን አርሶት እንደሆነ፣ አንተ ቆመህ ስታየው ደኅና የመሰለህ ዓባይ ላይ ሌላ ሊሆን ይችላል። እንዲሁም ሸራ ለመቀየር ያንኑ ያቃጠለህን ኩሽኔታ መልሰህ ማሰር አለብህ። ጋራዥ አስገባው፤ አንተ ግን አትሂድ፣ አጠገቡ ቆመህ ተመልከት።

በሚቀጥለው ሳምንት ዓባይ እወርዳለሁ ያልከው ደግሞ አሳስቦኛል። ሸራው እያለቀ መሆኑን ካወቅህ ጭነቱን ለሌላ መኪና አስተላልፍ። የባሕር ዳር ጭነት ሌላ ቀንም ይገኛል።


መልስ፦ ሾፌር፣ ከዴንቨር

እኔ የምነዳው አሜሪካ ውስጥ የራሴን ፍሬይትላይነር ካስካዲያ ነው፤ ጥያቄው እዚህ ባለን የእኛ ሾፌሮች ዘንድም በየቀኑ የሚነሣ ስለሆነ ነው የምጽፈው። እዚህ አንዱን ክፍል ሕጉ ወስኖልናል። የፌዴራሉ የጭነት ማመላለሻ ደንብ ክፍል 396፣ ፍሬን የሚሠራ ሰው በታወቀ ሥልጠና ያለፈ ወይም ቢያንስ የአንድ ዓመት ልምድ ያለው እንዲሆን ያዛል፤ የዚያም ማስረጃ ተሰንዶ እንዲቀመጥ ይጠይቃል። የራሱን መኪና የሚነዳ ባለንብረትም ቢሆን ከዚህ አይወጣም። ስለዚህ እኔ ዘይት፣ ፊልትሮ፣ መብራት፣ ግሪስና ቺንጊያ ራሴ እሠራለሁ፤ ፍሬን አልነካም። የጭስ ማጣሪያውና ኮምፒውተሩ ደግሞ ያለ መመርመሪያ መሣሪያ የሚነኩ አይደሉም፤ በዚህ በኩል የእናንተ ሞተር ፓምፑ በሜካኒክ የሚሠራ መሆኑ ትልቅ ዕድል ነው። አዳዲስ ኮመን ሬይል (ናፍታውን በከፍተኛ ግፊት ለሁሉም ኢንጀክተር የሚያከፋፍል የጋራ ቧንቧ) ያላቸውን መኪኖች የምትነዱ ግን ተጠንቀቁ፤ ከ1,000 ባር በላይ የሆነ ናፍታ የሚያልፍበትን ቧንቧ ሞተሩ እየሠራ ማላላት ቆዳ ይበሳል፤ አየሩን እንደ ድሮው በየኢንጀክተሩ በኩል ላስወጣ አትበሉ።

ደንቡ የጥገና መዝገብም እንድይዝ ስለሚያስገድደኝ፣ የሠራሁትን ሁሉ ከቀኑና ከኪሎ ሜትሩ ጋር እጽፋለሁ። መጀመሪያ ለተቆጣጣሪ ብዬ ነበር የጀመርኩት። አሁን ግን ቺንጊያው መቼ እንደተቀየረ ከደብተሩ አይቼ ከመበጠሱ በፊት እቀይረዋለሁ። ሞጆ ላይም አንድ ደብተርና እስክሪብቶ የሚከለክል ነገር ያለ አይመስለኝም።


ባለ ሲኖው

ጋሼ፣ የባሕር ዳሩን ጭነት ዛሬ ጠዋት ለሌላ መኪና አስተላለፍኩት። ሸራውን አሮጌውን ይዤ ሶማሌ ተራ ሄጄ ራሴ እገዛለሁ፤ ሐሙስ ጋራዥ ይገባል፣ እኔም አጠገቡ ቆሜ እውላለሁ። ማስጠጋቱን ያ ሥራ ሲያልቅ መካኒኩ አንድ ጊዜ እንዲያሳየኝና ከዚያ ወዲያ ራሴ እንድሠራው ተስማምተናል። ዘይቱን አየሁት፤ ወተት አልመሰለም። የራዲያተሩን ክዳን ስፈትሽ ጎማው ተሰነጣጥቋል፤ አዲስ ገዝቼ ገጥሜአለሁ። አረፋው ግን አሁንም አለ። ኮምፕሬሰሩን ያላገለልኩት መስመሩን በትክክል ለይቼ ስላላወቅሁት ነው።


መልስ፦ መካኒክ፣ ከቃሊቲ

መስመሩን ካልለዩት አለመንካትዎ ጥሩ ነው። ወደሚያስገቡበት ጋራዥ ሲሄዱ፣ ቴስታታ ከመውረዱ በፊት ኮምፕሬሰሩ ተገልሎ እንዲሞከር በግልጽ ይጠይቁ፤ ቴስታታ የሚወርድ ከሆነም የወረደውን ጓርኒሲዮን እንዲያስረክቡዎት አስቀድመው ይናገሩ፤ የተቃጠለበት ቦታ በዓይን ይታያል። ረቡዕ ማታ ሞተሩን ካጠፉት በኋላ እስከ ሐሙስ ጠዋት አያስነሡት፤ የግፊት ምርመራው ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ሲበርድ ነው የሚደረገው። ሞተሩ ከበረደ በኋላም ራዲያተሩን እስከ አፉ በንጹሕ ውኃ ሞልተው ደረጃውን ምልክት ያድርጉበት፤ ሌሊቱን ሳይሠራ ጎድሎ ካደረ ያ ራሱ ለመካኒኩ ብዙ ይነግረዋል።